ብሪትኒን ሳስብ አመሸሁ

ዛሬ ያለ ምክንያት ሆድ ሲብሰኝ ዋለ። ደመናው ይሁን ድካሙ እንጃ። ማታ የታጠበ ልብስ እያጣጠፍኩ ስልኬ ያመጣውን ዘፈን ዝም ብዬ እሰማለሁ። አንዱ አልቆ ሌላው ሲቀጥል የአሜሪካዊቷ ዘፋኝ የብሪትኒ ስፒርስ የመጀመሪያው ዘፈን መጣ። ያ በሦስት የፒያኖ ምት የሚጀምረው። ልብሱን ትቼ ቁጭ አልኩና ያው ዩቲዩብ ገባሁ።

መጀመሪያ ያገኘሁት የልጅነቷን ነው። በፈረንጆቹ 1992፣ ኬንትውድ ከምትባል የሉዊዚያና ትንሽ ከተማ የመጣች የ10 ዓመት ልጅ በቴሌቪዥን የተሰጥኦ ውድድር ላይ ትዘፍናለች። ድምጿ ከቁመቷ ይበልጣል። ስትጨርስ አቅራቢው ጠጋ አላት። ሰባ ሊሞላው የተቃረበ ሰውዬ ነው። ዓይኖችሽ እንዴት ያምራሉ አላት፣ ከዚያ የወንድ ጓደኛ አለሽ ወይ ብሎ ጠየቃት። የለኝም ጌታዬ አለች። ለምን? ወንዶች ክፉ ናቸዋ። እኔስ አላት። ሰው ሳቀ።

ይህቺን ቦታ ደጋግሜ አየኋት። አሁን ዘፍና የጨረሰችን ሕፃን የሚጠይቁት ነገር ጠፍቶ ነው?

ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ የዚያች ጥያቄ ቅጥያ ሆኖ ታየኝ። በ1999 ጥር ላይ የመጀመሪያው አልበሟ ሲወጣ አልበሙም ዘፈኑም አሜሪካ ውስጥ አንደኛ ሆኑ። ዕድሜዋ 17 ነበር። የሚጠይቋት ግን ስለ ድንግልናዋ ነው። አንድ የሆላንድ አቅራቢ ጭራሽ ስለ ጡቷ ጠየቃት፣ ያውም ካሜራ ፊት። እሷ ፈገግ እያለች ትመልሳለች። ፈገግታዋ ነው ይበልጥ ያናደደኝ፣ ምክንያቱም ጨዋ ልጅ ሁኚ ተብላ ያደገች ልጅ ፈገግታ ነው፤ እኛ ቤትም አውቀዋለሁ።

አንጀቴን የበላው ግን የ2006ቱ ነው። ኒውዮርክ ውስጥ ሕፃኗን በአንድ እጇ ታቅፋ፣ በሌላው ብርጭቆ ይዛ በፎቶ አንሺዎች መሃል ስታልፍ ተደናቀፈች። ልጁ አልወደቀም፣ ኮፍያው ብቻ ነው የወደቀው። ምን አይነት እናት ናት ተባለ። ትንሽ ቆይቶ ምግብ ቤት ውስጥ ልጇን እንዳቀፈች ስታለቅስ በመስታወቱ በኩል አነሷት። ያንን ፎቶ የገዛ መጽሔት አለ። መጽሔቱንም የገዛ ሰው አለ። እንዲህ ያለ ሥራ እንጀራ ይሆናል?

በ2007 ፀጉሯን ተላጨች፣ ዓለም ሁሉ አበደች አለ። ትዳሯ ፈርሶ፣ በልጆቿ ጉዳይ ፍርድ ቤት እየተመላለሰች፣ ከቤቷ ስትወጣ የሚከተላት የመኪና ሰልፍ ነበር። በ2008 መጀመሪያ በአምቡላንስ ሆስፒታል ስትወሰድ እንኳ ሄሊኮፕተር ከላይ ሆኖ ይቀርጻት ነበር።

ከዚያ ፍርድ ቤት ራሷን ማስተዳደር አትችልም ብሎ በሞግዚት ስር አደረጋት፣ ከሞግዚቶቹም አንዱ አባቷ። 13 ዓመት! በእነዚያ ዓመታት አልበም አውጥታለች፣ ዓለምን ዞራ ዘፍናለች፣ ላስ ቬጋስ ላይ ብቻ ከ200 ጊዜ በላይ መድረክ ወጥታለች። ገንዘብ ለማምጣት ሲሆን ጤነኛ፣ ያመጣችውን ለማዘዝ ሲሆን በሽተኛ። በ2021 ሰኔ ዳኛዋ ፊት ቃሏን ስትሰጥ ሌላ ልጅ መውለድ እፈልጋለሁ፣ ግን የወሊድ መከላከያ ሉፑን ለማስወጣት ሐኪም ጋ እንድሄድ አይፈቅዱልኝም አለች። ሰው ስለ ገዛ ማህፀኑ ፈቃድ ሲለምን ስሰማ እጄ ተንቀጠቀጠ። ኅዳር ላይ ነፃ ወጣች።

ያኔ ከሳቁባት ብዙዎቹ አሁን ከንፈር ይመጣሉ። እሰይ፣ ይሻላል። ግን ኢንስታግራም ላይ ቤቷ ውስጥ ስትደንስ የለቀቀቻቸውን ቪዲዮዎች አየሁ። ከስር ያለው አስተያየት ሁሉ አንድ ነው። ደህና ናት? ዓይኗን እዩት። የሆነ ነገር አለ። ከልባቸው የሚያስቡላት እንደሚኖሩ አልጠራጠርም፣ እኔም ዓይኗን እያየሁ ነበር። ይህን ያህል የምንመረምራት ስለምንወዳት ነው፣ ወይስ ከ10 ዓመቷ ጀምሮ እሷን ማየት የለመደ ዓይን መነሳት አቅቶት?