የሥራ ልብሴ ላይ ሙጭጭ ያለውን የላብ ሽታ እንዴት እንዳስለቀኩት

ነገሩ የገባኝ ካውያ ይዤ ነው። ማታ የታጠበ፣ የደረቀ፣ ሳሙና ሳሙና የሚል ሸሚዝ ጠዋት ልተኩስ ብዬ ካውያውን ብብቱ ላይ ሳሳርፈው ከእንፋሎቱ ጋር የወጣው ሽታ የትላንት ላብ አይደለም፣ የከረመ ነው። ቁምሳጥን ውስጥ እያለ ብታሸቱት ምንም የለውም፣ ሙቀት ሲነካው ግን ብድግ ይላል። ሥራ ቦታም እንደዛው ነበር፣ ጠዋት ንጹህ ሆኜ እገባለሁ፣ ትንሽ እቃ ካነሳሁ በኋላ ክንዴን ከጎኔ ሳላላቅቅ መዋል ነው።

መጀመሪያ ያረኩት ሳሙና መጨመር ነው። ለካ ከመጠን ያለፈ ሳሙና በደንብ ተለቅልቆ አይወጣም፣ ጨርቁ ውስጥ ይቀርና ቆሻሻውንም ይዞ ይቀመጣል። ከዛ ጥሩ ሽታ ያለው የልብስ ማለስለሻ ገዛሁ፣ ይሄ ጭራሽ አባሰው ምክንያቱም ማለስለሻ ጨርቁን በስሱ የሚቀባ ነገር ስለሆነ ከስሩ ያለውን አሮጌ ላብ ሸፍኖት ነው የሚያልፈው። የበረኪናውን ነገር ባላወራው ይሻለኛል፣ ነጩ ሸሚዜ ይነጣል ስል ብብቱ ቢጫ ሆኖ አረፈው።

በኋላ ስረዳው፣ ላብ ሲወጣ ራሱ ያን ያህል አይሸትም፣ ቆዳችን ላይ ያሉ ባክቴሪያዎች ሲበሉት ነው ሽታው የሚፈጠረው፣ በተለይ የብብት ላብ ቅባትና ፕሮቲን ስላለው ይመቻቸዋል። ጨርቁም ወሳኝ ነው፣ ፖሊስተር ውሃ አይጠጣም ቅባት ግን አጥብቆ ይይዛል፣ ለዛ ነው የጥጡ ቲሸርት በአንድ እጥበት ሲለቅ የፖሊስተሩ ዩኒፎርም የሚያሰቃየው። ስለዚህ እኔ ለካ ስታገል የኖርኩት ከሽታ ጋር ነው፣ መታገል የነበረብኝ ከቅባቱ ጋር ነበር።

አሁን እንዲህ ነው የማረገው። ልብሱን እገለብጠዋለሁ (ቆሻሻው ያለው በውስጥ በኩል ነው፣ ስንት ዓመት በውጪ በኩል ሳሽ ኖሬያለሁ)፣ ብብቱን አርጥቤ ትንሽ የእቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ጠብ አረግና በአሮጌ ጥርስ ብሩሽ ቀስ እያልኩ አሸዋለሁ። ጣታችሁን ስታስኬዱበት ሰም የተቀባ የሚመስል፣ ደረቅ ያለ ቦታ ታገኛላችሁ፣ እሱ ነው ጉዱ። እዛ ጋ እስኪለሰልስ ድረስ ነው የማሸው፣ ከዛ 20 ደቂቃ እተወዋለሁ። ቀጥሎ ሳፋ ውስጥ ለብ ያለ ውሃ አርጌ ግማሽ ኩባያ ቤኪንግ ሶዳ በትኜ እዘፈዝፈዋለሁ፣ ማታ ዘፍዝፌ ጠዋት ነው የማወጣው። የላብ ሽታ አብዛኛው አሲድ ነገር ስለሆነ ሶዳው ያከሽፈዋል። ጠዋት ውሃውን ስታዩት ግራጫ ሆኖ ታገኙታላችሁ፣ ታጥቧል ከተባለ ልብስ ነው እንግዲህ ያ ሁሉ የወጣው! ከዛ እንደ ወትሮው በልኩ ሳሙና አጥቤ መጨረሻ ማለቅለቂያው ላይ ትንሽ ነጭ አቼቶ እጨምራለሁ፣ የቀረውን ሳሙና ያወጣዋል፣ የአቼቶው ሽታ ሲደርቅ ይጠፋል። ሶዳና አቼቶ አንድ ላይ የሚያረጉ ሰዎች አሉ፣ አረፋው ደስ ይላል እንጂ ሁለቱ እርስ በርስ ይጠፋፋሉና ዋጋ የለውም። አቼቶና በረኪና ግን በፍጹም እንዳታገናኙ፣ ክሎሪን ጋዝ ነው የሚወጣው፣ ሳንባ ይጎዳል።

አንድ ነገር፣ ሽታው መልቀቁን ሳታረጋግጡ ማድረቂያ ማሽን ውስጥ አትክተቱት፣ ካውያም በደንብ አታስኬዱበት፣ ሙቀት የቀረውን ያደርቅበታል። እኔ ገና እርጥብ እያለ ብብቱን በእጄ መዳፍ አሙቄ አሸተዋለሁ፣ ሰው ቢያየኝ ምን እንደሚል አላውቅም፣ ሽታው ካለ እንደገና ዝፍዘፋ ነው። ከሥራ ስመለስም ላብ ያለበትን ልብስ ጠቅልዬ ቅርጫት ውስጥ መወርወር ትቻለሁ፣ ወዲያው ባላጥበውም ሰቅዬ አናፍሰዋለሁ።

ከአምስቱ ሸሚዞች አራቱ በሁለት ዙር ድነውልኛል። አምስተኛው፣ በማለስለሻ ያሰቃየሁት የፖሊስተሩ፣ አራት ጊዜ ተዘፍዝፎም እምቢ አለ። አሁን ወለል መወልወያ ሆኗል፣ ሙቅ ውሃ ሲነካው ዛሬም ይሸታል።