«መቶ በመቶ የተፈጥሮ»

የምሠራው የጭነት መኪኖች ባሉት ድርጅት የግዢ ክፍል ውስጥ ነው። መኪኖቻችን በጅቡቲ መስመር ይመላለሳሉ። አዲስ የተሾመው አለቃችን በገባ በወሩ ደብዳቤ በተነ፦ ከጎማ የተሠራ ማንኛውም ዕቃ «መቶ በመቶ የተፈጥሮ» ካልሆነ አይገዛም። ለእሱ ከዛፍ ፈሳሽ የሚሠራው የተፈጥሮ ጎማ እንደ ንጹህ ማር ነው፤ ካልተቀላቀለበት ጥሩ ነው። ፈረንጆቹ ደህናውን ለራሳቸው ይዘው አርቴፊሻሉን ወደ እኛ ይልካሉ ብሎም ያምናል።

ለነጋዴዎቹ ሠርግና ምላሽ ሆነላቸው። ከመነዳሪው፣ ጎሚኒው፣ የዘይት መዝጊያው ሁሉ በአንድ ጊዜ «የታይላንድ ኦሪጅናል» ሆነ። ዋጋውም ተሰቀለ።

ብዙም አልቆየ፣ ጋራዡ መጮህ ጀመረ። ዘይት የሚነካቸው መዝጊያዎች አብጠውና ልፍስፍስ ብለው ይወጣሉ። ከመነዳሪው ቶሎ ቶሎ ንፋስ ይጎድለዋል። ሾፌሮቹ አዋሽ ሲደርሱ ከምግብ ቤት በፊት ጎሚስታ መፈለግ ያዙ። ጋሼ የምንላቸው አንጋፋ መካኒክ ያበጠ መዝጊያ ይዘው አለቃው ቢሮ ገቡ። «የዛፍ ጎማና ዘይት መቼም ተስማምተው አያውቁም» አሉት።

አለቃው አልተዋጠለትም። «ታዲያ የአውሮፕላን ጎማ ለምን ከእሱ ይሠራል?»

ጥያቄው ጥሩ ነበር። የአውሮፕላን ጎማ ከሞላ ጎደል የተፈጥሮ ነው፤ የከባድ መኪናም ላይ ድርሻው ትልቅ ነው። ሸክም ይዞ ሲሽከረከር ብዙ አይግልም፣ በቀላሉም አይቀደድም። የቤት መኪና ጎማ ላይ ግን ከነዳጅ ዘይት የሚሠራው ሰው ሠራሽ ጎማ ያመዝናል። ንፋስ ለመያዝ ቡቲል፣ ዘይት ለመቋቋም ናይትራይል የሚባሉት ጎማዎች የተፈጥሮውን ይበልጡታል። ሁለቱም ሰው ሠራሽ ናቸው።

«ፈረንጆቹ» የሚለው ግን አልለቀቀውም። ስለዚህ አገር በአገር አየነው። የተፈጥሮ ጎማ በብዛት የምታመርተው ታይላንድ ናት፤ አብዛኛውን ትሸጠዋለች። ከዓለም ምርት 40 በመቶ ገደማ የሚጠቀመው ሀብታም የሚላቸው አውሮፓውያን ሳይሆኑ ቻይና ናት፤ ለዓለም የመኪና ጎማ ትሠራለችና። ማሌዢያ ውስጥ ዋናው ተጠቃሚ የመኪና ጎማ ሳይሆን የሐኪም ጓንት ነው። ከአፍሪካ አንደኛዋ አምራች ኮትዲቯር ደግሞ ምርቷን ወደ ውጭ ትልካለች።

አሜሪካንን ወደ ሰው ሠራሹ የገፋት ጦርነት ነው። በ1942 እ.ኤ.አ. ጃፓን ደቡብ ምሥራቅ እስያን ስትይዝ 90 በመቶ ያህል የጎማ ምንጯ ተቋረጠ። ጎማ እንዳያልቅ ተብሎ መኪና በሰዓት ከ56 ኪሎ ሜትር በላይ እንዳይነዳ ታዘዘ። የሰው ሠራሽ ጎማ ፋብሪካዎቿ የተስፋፉት በዚያ ጭንቀት ነው። ሶቪየቶችማ ቀድመው፣ በ1932፣ ከአልኮል ጎማ ማምረት ጀምረው ነበር።

አለቃችን ጥቂት ዝም ብሎ «እሺ፣ የትኛው የት ይግባ?» አለ። ጋሼ ተቀመጡ። እሳቸው እየተናገሩ እኔ ጻፍኩ፤ የግዢ ቅጹ ላይ አዲስ ዓምድ ተጨመረ፦ «ዕቃው ምን ይነካዋል? ዘይት፣ ሙቀት፣ ንፋስ?» ነጋዴዎቹ ይህን ዓምድ አይወዱትም። አንዱማ ሦስቱንም ምልክት አድርጎ ላከልን።