ለሚታጠፍ ላፕቶፕ የትኛው ሊኑክስ ይሻላል?

የእህቴ ልጅ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገባች። እናቷ ዕቁብ ሲደርሳት ላፕቶፕ ገዛችላት። መገናኛ አካባቢ የተገዛ፣ ያገለገለ፣ ስክሪኑ ወደ ኋላ ታጥፎ ታብሌት የሚሆን ነው። በጣትም በእስክሪብቶም ይሠራል፤ እስክሪብቶዋ ጎኑ ላይ ባለች ቀዳዳ ትገባለች። ውስጡ 7ኛ ጄኔሬሽን ኮር አይ5፣ 8 ጊጋ ራም፣ 256 ጊጋ ኤስኤስዲ አለው። ለተማሪ ይበቃል፣ ይተርፋልም።

ችግሩ ዊንዶውስ 10 ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል በኩል፣ ከጥቂቶች በቀር፣ ከ8ኛ ጄኔሬሽን ወዲህ ያለውን ነው የሚቀበለው። ምንም ያልጎደለው ማሽን በአንድ ጄኔሬሽን ምክንያት ከሰልፍ ወጣ ማለት ነው። ይሄ ያናድደኛል። ሰው ዕቁብ ጥሎ የገዛው ዕቃ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ላፕቶፑን ይዛ ኮዬ ፈጬ፣ እኔ ጋ መጣች። «ጋሽዬ፣ አንተ የምትጠቀምበትን ጫንልኝ» አለችኝ።

ሊኑክስ በዊንዶውስ ቦታ የሚጫን ነጻ ሲስተም ነው፣ ዓይነቱም ብዙ ነው። እኔ የምጠቀመው ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን ነው፣ ኤክስኤፍሲኢ የሚባል ቀለል ያለ ዴስክቶፕ ያለውን። ቀላል ነው፣ አሮጌ ማሽን ላይ ነፍስ ይዘራል፣ ለጎረቤትም ለሥራ ባልደረባም ስመክር የኖርኩት እሱን ነው። ግን ወዲያው አልጫንኩትም። ሊኑክስን ሳይጭኑ ከፍላሽ ላይ አስነስቶ መሞከር ይቻላል፤ ዲስኩ ላይ ያለው ነገር አይነካም። ቬንቶይ የሚባል ፕሮግራም አለ። ፍላሹን አንድ ጊዜ በሱ ካዘጋጃችሁት በኋላ የፈለጋችሁትን ያህል አይኤስኦ ፋይል (ሙሉ ሲስተሙን የያዘ መጫኛ ፋይል) ኮፒ አድርጋችሁ፣ ሲነሳ አንዱን መምረጥ ነው። በ32 ጊጋ ፍላሽ ላይ ሚንትን፣ ሌሎቹን የሊኑክስ ዓይነቶች ፌዶራንና ኡቡንቱ 24.04ንም ኮፒ አደረግኩ። የኡቡንቱው ብቻውን ወደ 6 ጊጋ ይጠጋል፣ ሁለቱ እያንዳንዳቸው የዚያን ግማሽ ያህል ናቸው። ሁሉንም ያወረድኩት በሌሊት ጥቅል ነው፣ በቀን ዳታ አይሞከርም።

መጀመሪያ ሚንትን አስነሳን። ፈጣን ነው፣ ዋይፋዩም ድምፁም ሠራ። ከዚያ ስክሪኑን ወደ ኋላ አጥፋ እንደ ደብተር ቁልቁል ያዘችው። ምስሉ ግን እንደ ጋደመ ቀረ። ኤክስኤፍሲኢ ስክሪኑን በራሱ አያዞርም። በትእዛዝ አዞርኩላት። አሁን ምስሉ ቆመ። በጣቷ ከላይ ቀኝ ጥግ ያለውን ምልክት ስትነካ ግን ጠቋሚው ሄዶ ሌላ ጥግ ላይ ዱብ አለ። ደግማ ነካች፣ አሁንም ሌላ ቦታ። ምስሉ ሲዞር የጣት መቀበያው አብሮ ስላልዞረ ነው፤ እሱ ለብቻው ሌላ ትእዛዝ ይፈልጋል። ስክሪፕት ጽፎ ማስተካከል ይቻላል። ግን ክፍል ውስጥ መምህሩ እየጻፈ እሷ ትእዛዝ ስትመታ አሰብኩና ተውኩት።

እዚህ ጋ ነው ነገሩ የገባኝ። ሊኑክስ ስንመርጥ የምንከራከረው በስሙ ነው፤ ሚንት ይሻላል፣ የለም ኡቡንቱ ይሻላል እያልን። ለተራ ላፕቶፕ ምንም አይደል። ለሚታጠፍ ላፕቶፕ ግን ቀድሞ መጠየቅ ያለበት ዴስክቶፑ ነው፣ ማለትም መስኮቶቹን፣ ሜኑውንና የጣት ንክኪውን የሚያስተናግደው ክፍል። ኡቡንቱም ፌዶራ ዎርክስቴሽንም ግኖም የሚባለውን ይዘው ይመጣሉ፤ ከሥሩ ሆኖ ምስሉን ስክሪን ላይ የሚያወጣው ዌይላንድ ደግሞ ምስሉንና ንክኪውን አንድ ላይ ነው የሚያዞረው።

ፌዶራን አስነሳን። ላፕቶፑን ወደ ጎን ስናጋድመው ምንም የለም። «ይሄም አይሠራም» አለች። ኪቦርዱን ሙሉ በሙሉ ወደ ኋላ ስታጥፈው ግን ምስሉ እሽክርክር ብሎ ቆመ። ለካ ታብሌት መሆኑን ሲያውቅ ነው የሚዞረው፣ ይሄ ደግሞ ልክ ነው፤ ጭን ላይ አድርጎ ሲጽፉ እንዲዞር የሚፈልግ የለም። መጻፊያ ቦታ ስትነካ ኪቦርድ ከታች ብቅ ይላል። ካልመጣም ከስክሪኑ የታች ጠርዝ ጀምሮ በጣት ወደ ላይ መሳብ ነው። ፋየርፎክስ ላይ በሁለት ጣት ከፈት ስታደርግ ገጹ ያድጋል። ፊቷ ሲበራ አየሁ።

ኬዲኢ ፕላዝማ የሚባለው ሌላ ዴስክቶፕም በዚህ በኩል ጎበዝ ነው፣ ታብሌት ሲሆን መንኪያዎቹን ሰፋ ያደርጋል። ቅንብሩ ግን ብዙ ስለሆነ ለጀማሪ አልመረጥኩትም።

ታዲያ ፌዶራ ወይስ ኡቡንቱ? በዴስክቶፕ እኩል ናቸው፣ እንዲያውም ፌዶራ አዲሱን ግኖም ቀድሞ ያመጣል። የወሰነልን ዳታ ነው። ፌዶራ በየስድስት ወሩ አዲስ እትም ያወጣል፣ አንዱ እትም የሚደገፈው 13 ወር ገደማ ብቻ ነው። ዶርም የምትኖር፣ ዳታ በጥቅል የምትገዛ ልጅ በየዓመቱ ሙሉ ሲስተም ታውርድ ማለት አይሆንልኝም። ኡቡንቱ 24.04 የረጅም ጊዜ ድጋፍ ያለው እትም ነው፤ በፈረንጆቹ 2024 ወጥቶ እስከ 2029 የደህንነት ማስተካከያ ያገኛል። ስለዚህ ኡቡንቱ ሆነ።

ዊንዶውሱን ግን አላጠፋሁትም። ገና አንደኛ ዓመት ናት፣ ዲፓርትመንት አልመረጠችም። ነገ ሲቪል ወይም አርክቴክቸር ከደረሳት የንድፍ መሥሪያው ኦቶካድ ይመጣል፣ ኦቶካድ ደግሞ ለሊኑክስ አይሠራም። ዲስኩን ከራሱ ከዊንዶውስ ውስጥ ቀነስኩና 120 ጊጋ ለኡቡንቱ ሰጠሁ። ከዚያ በፊት ሁለት ነገር አደረግኩ። ፋይሎቿን ወደ ሌላ ዲስክ ገለበጥኩ፣ ዊንዶውስ ላይ ያለውን ፋስት ስታርታፕ፣ ማለትም ማሽኑን ቶሎ የሚያስነሳውን ምርጫ አጠፋሁ። እሱ ካልጠፋ ዊንዶውስ ሲዘጋ ዲስኩን በከፊል ክፍት አድርጎ ስለሚተወው ከሊኑክስ በኩል እዚያ ላይ መጻፍ ያስቸግራል። ከፍላሽ ለማስነሳት ላፕቶፑ ሲበራ ሌኖቮና ዴል ላይ ኤፍ12፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ9 ነው የሚመታው።

መጫኑ ተጀምሮ መሃል ላይ መብራት ጠፋ። የሰፈራችን ነገር ነው። ባትሪውን ቀድመን ሞልተን ስለነበር ላፕቶፑ አልቆመም፣ ዋይፋዩ ብቻ ሄደ። መጫኑ ያለ ኢንተርኔትም ያልቃል፣ እኛም ቡና አፍልተን ስንጨርስ አልቆ አገኘነው።

ከዚያ ወዲያ ያለው ለተማሪ የሚጠቅመው ክፍል ነው። ኤክስጆርናል ፕላስ ፕላስ የሚባለውን ጫንኩላት። በነጻ ነው፣ ትንሽ ነው፣ ፒዲኤፍ ከፍቶ በላዩ ላይ በእስክሪብቶ ያስጽፋል። መምህራኑ ሃንዳውት የሚልኩት በቴሌግራም ነው፤ ቴሌግራም ደግሞ ሊኑክስ ላይ አለ። መጀመሪያ ስትጽፍ መዳፏ ስክሪኑ ላይ ሲያርፍ ገጹን እየጎተተ አስቸገራት። ቅንብሩ ውስጥ እስክሪብቶው ሲቀርብ የእጅ ንክኪን የሚያጠፋ ምርጫ አለ። እሱን ስናበራ ዝም አለ። የፊዚክስ ሃንዳውቷ ላይ ቀስቷን አሰመረች፣ ከጎኑ «ፈተና ላይ ይመጣል» ብላ በአማርኛ ጻፈች፣ ጠነን አድርጋ ስትጫን መስመሩም አብሮ ወፈረ።

በኪቦርድ አማርኛ ለመጻፍ አይባስ ለሚባለው የቋንቋ መጻፊያ ኤም17ኤን የሚባለውን ጥቅል ጨምሬ፣ ከኪቦርድ ቅንብር አማርኛ ሴራ የሚለውን መረጥኩ፤ በእንግሊዝኛ ፊደል ድምፁን እየመቱ አማርኛ የሚጻፍበት ነው። ኤስ፣ ኢ፣ ኤል፣ ኤ፣ ኤም ስትመታ «ሰላም» ይወጣል። ስልክ ላይ የለመደችው ዓይነት ስለሆነ ለመልመድ አምስት ደቂቃ አልፈጀባትም።

ያልሠራ ነገር አለ፣ የጣት አሻራ ማንበቢያው። የይለፍ ቃል እየጻፈች ትገባለች።

እሁድ ማታ ዶርም ከገባች በኋላ በቴሌግራም ጻፈችልኝ። አልጋ ላይ በጎን ተኝታ ስታነብ ስክሪኑ እየዞረ አስቸግሯታል። «ከላይ በቀኝ ጥግ ባትሪው ያለበትን ንኪው፣ ማሽከርከሩን የሚያቆም ቁልፍ ይወጣልሻል» አልኳት። ከአንድ ደቂቃ በኋላ «ቆመ ጋሽዬ» አለች።