ከበሩ ወዲህ፣ ከበሩ ወዲያ

ሐምሌ ነው። ከምሳ በኋላ ሰማዩ ዝቅ ብሎ ቆርቆሮው ላይ የተቀመጠ ይመስላል። ግቢው፣ አጥሩ፣ የጎረቤት ባሕር ዛፍ ሁሉ አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነዋል። መብራት የለም። እንዲህ ባለ ቀን ሆዴ ያለ ምክንያት ይባባል። ሻማ ፍለጋ የቁም ሳጥኑን የታችኛውን መሳቢያ ስስብ እጄ መጀመሪያ ያገኘው ያንን ከባድ የ«ዊዛርድ ኦፍ ኦዝ» ፊልም ሳጥን ነው።  እኅቴ «አንድ ፊልም ስንት ጊዜ ይገዛል?» እያለች የምትቆጣኝ በእሱ ነው።

ጥያቄዋ ግን እውነተኛ ጥያቄ ነው፣ ዛሬ ልመልሰው።

እ.ኤ.አ. የ1939ኙ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የአሜሪካ ፊልም «ዊዛርድ ኦፍ ኦዝ» ውስጥ የልጂቱ የዶሮቲ አገር ካንሳስ ሁሉ ቡናማ ነው፤ መሬቱም፣ ቤቱም፣ የአክስቷ ፊትም። አውሎ ነፋሱ ቤቱን ነቅሎ ይወስድና ጣል ያደርገዋል፣ ዶሮቲ በሩን ትከፍታለች፣ ቀለም ይጀምራል። ብዙ ሰው የሚመስለው ጥቁርና ነጩ ፊልም እዚያች ቦታ ላይ ከባለቀለሙ ጋር ተቀጥሎ ነው። አይደለም። የበሩ ሾት ከመነሻው በባለቀለም ፊልም የተቀረጸ ነው። የቤቱን ውስጥ ቡናማ ቀቡት። ጀርባዋን ሰጥታ በሩን የምትከፍተውም ዶሮቲን የምትጫወተው ጁዲ ጋርላንድ ሳትሆን ቡናማ ቀሚስ የለበሰች ተተኪ ናት። ተተኪዋ ከካሜራው ዕይታ ፈቀቅ ስትል ጋርላንድ በሰማያዊ ቀሚሷ ትገባና በበሩ ታልፋለች። አንድ ባልዲ ቀለምና ሁለት ሴቶች፣ ሌላ ምንም የለበትም። እኔ ከዚያ በኋላ የመጡትን የፊልሙን እትሞች፣ ካሴቱንም ዲስኩንም፣ ሁሉ የምመዝነው በዚህች በር ነው።

ምክንያቱም ለብዙ ሰው በሩ ተከፍቶ ምንም አልሆነም። የአሜሪካው የቴሌቪዥን ጣቢያ ሲቢኤስ ፊልሙን መጀመሪያ ያሳየው በኖቬምበር 1956 ነበር፤ ያኔ አብዛኛው የአሜሪካ ቤት የነበረው ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ነው። ልጆቹ ከግራጫ ወጥተው ግራጫ ውስጥ ገቡ። በ1980 የመጀመሪያው የቪዲዮ ካሴት ወጣ። የካንሳስ ቡናማነት የተመለሰው ግን በ1989፣ ለ50ኛ ዓመቱ በተዘጋጀው ካሴት ነው። እስከዚያ ድረስ ለዓመታት ሲዞር የነበረው ካንሳስ ደረቅ ጥቁርና ነጭ ነበር። የሳሩ ሰው፣ ማለትም በጆንያና በሳር የተሠራው የዶሮቲ ጓደኛ፣ ሙሉ ጭፈራ፣ በ1939 ተቆርጦ የቀረው፣ ያ ካሴት ላይ አለ። ስለዚህ የ1989ኙን ካሴት ጊዜው ያለፈበት ዕቃ ነው የሚል ካለ አልስማማም። ታሪክ የቀየረ እትም ነው።

ወደ እኛ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ከአሜሪካ በዘመድ ሻንጣ የሚመጣው ካሴት የተቀዳው በአሜሪካው የቴሌቪዥን ሥርዓት፣ በኤንቲኤስሲ፣ ነው፤ የእኛ ቴሌቪዥን ሥርዓት ደግሞ ፓል። የካሴት ማጫወቻው፣ ዴኩ፣ ሁለቱንም የሚያነብ ቢሆን እንኳ ቴሌቪዥኑ ፓል ብቻ ከሆነ ምስሉ ይመጣና ቀለሙ ይጠፋል። የኤንቲኤስሲ የቀለም ምልክት በ3.58 ሜጋኸርዝ ነው የሚጓዘው፣ ፓል ቴሌቪዥን ግን በ4.43 ላይ ይጠብቀዋል፤ ሳያገኘው ሲቀር ጥቁርና ነጩን ብቻ ያሳያል። በሩ ይከፈታል፣ ግራጫ። ካሴቱ ተበላሽቷል ብሎ የጣለ ሰው ስንት ይሆን? ካሴቱ ደህና ነበር።

ፓል ቅጂ ያገኘ ሰውም ሙሉ በሙሉ አልዳነም። ፊልሙ የተቀረጸው በሰከንድ 24 ምስል ነው፣ ፓል 25 ይፈልጋል፣ ስለዚህ ያፈጥኑታል። 102 ደቂቃ የነበረው ወደ 98 ይወርዳል። ድምፁም አብሮ ግማሽ ቶን ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ከፍ ይላል። የጋርላንድ ዘፈን ላይ ይህ ይሰማል። ያ ወፈር ያለ፣ ከዕድሜዋ የቀደመ ድምፅ ይቀጥንና የሌላ ልጅ ድምፅ ይሆናል። የፓል ዲቪዲ ላይም ያው ነው። ብሉሬይ መጥቶ በሰከንድ 24 እስኪያሳይ ድረስ በእኛ በኩል ያለ ሰው ትክክለኛ ድምፅዋን በቤቱ የሰማው ከስንት አንድ ነው።

ሌዘርዲስክ ያላቸው ሰዎች ዕድለኞች ነበሩ ይባላል። በ1993 የወጣው ትልቁ ሳጥን የቀረጻውን ዘጋቢ ፊልምና የሙዚቃ ቅጂዎችን ይዟል፣ ለዘመኑ ሀብት ነው። ግን ሌዘርዲስክ ሁለት ገጽ በሙጫ የተጣበቀበት 30 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ሳህን ነው። ሙጫው ጥሩ ካልሆነ አየር ይገባና ውስጡ ያለው አሉሚኒየም ይዝጋል። ምልክቱ ስክሪን ላይ ብልጭ ብልጭ የሚሉ ነጠብጣቦች ናቸው፤ መጀመሪያ ጥቂት፣ ቆይቶ በረዶ። መድኃኒት የለውም። ሲያጫውቱ ሳያዩ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

ዋናው ነገር የሚጀምረው በ2005 ነው፣ ለምን እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ ካሜራው ውስጥ መግባት ያስፈልጋል። ፊልሙ የተቀረጸበት የቀለም ዘዴ ቴክኒካለር ይባላል፤ የቴክኒካለር ካሜራ በአንድ ጊዜ ሦስት የፊልም ጥቅል ይጎርሳል። ብርሃኑን በፕሪዝም ይከፍልና ቀዩን፣ አረንጓዴውን፣ ሰማያዊውን ለየብቻ ይይዛል። ሦስቱም ኔጌቲቮች ጥቁርና ነጭ ናቸው! ቀለሙ የሚመጣው በኋላ፣ ሲኒማ ቤት የሚላከው ቅጂ ሲታተም ነው። እነዚያ ሦስት ጥቅሎች ባለፉት ዓመታት እኩል አልተኮማተሩም። ሲደራረቡ አንዱ በፀጉር ስፋት ይዘልቃል፣ እና በሰው ፊት ዳር ቀይ ወይም አረንጓዴ ጥላ ይወጣል። የቆዩት ካሴቶችና የመጀመሪያዎቹ ዲቪዲዎች ላይ ያለው ብዥታ ከፊሉ ይኸው ነው። የ2005ቱ እድሳት ሦስቱን በኮምፒውተር አንድ በአንድ አገጣጠማቸው። በ2009፣ ለ70ኛ ዓመቱ፣ ኔጌቲቮቹ በ8ኬ፣ በጣም ከፍተኛ በሆነ የምስል ጥራት፣ እንደገና ወደ ኮምፒውተር ተገለበጡና የመጀመሪያው ብሉሬይ ወጣ። በ2013 በመነጽር የሚታየው 3ዲ መጣ፣ እሱን እለፉት፣ ጠፍጣፋ ሆኖ የተቀረጸን ሥዕል ማበጥ ነው። በ2019 የ4ኬው ዲስክ ወጣ።

የሳጥኑ ጌጥ ሌላ ነገር ነው። የ2009ኙ ውስጥ የእጅ ሰዓት፣ 52 ገጽ ያለው መጽሐፍ፣ የፊልሙ የበጀት ወረቀት ግልባጭ አለ። የበጀት ወረቀቱን እወደዋለሁ። ሰዓቱን ግን ባትሪው ውስጡ እያለ ያስቀመጠ ሰው ይጸጸታል። የአዝራር ባትሪ ሲያረጅ ያፈሳል፣ ፈሳሹ ነሐሱን አረንጓዴ ያደርገዋል፣ ከዚያ አልፎ የተኛበትን ጨርቅ ይበላል። የጀርባውን ክዳን በቀጭን ቢላ ጫፍ ማንሣት፣ ባትሪውን አውጥቶ መጣል፣ ክዳኑን መመለስ፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ዲስኮቹንም በካርቶን ኪስ የሚመጡ ከሆነ ከዚያ አውጥቶ በፕላስቲክ ማቀፊያ ማስቀመጥ ይሻላል። ዲስኩ በተሳበ ቁጥር ካርቶኑ ይፍቀዋል። ብሉሬይ መረጃው ከገጹ 0.1 ሚሊሜትር ብቻ ነው የሚርቀው፣ ዲቪዲ ግን 0.6፣ ስለዚህ ብሉሬይ ጠንካራ ሽፋን ቢኖረውም ጠልቆ የገባ ጭረትን አይችልም። ሲጠረግ ከመሐል ወደ ዳር ቀጥ ብሎ ነው፣ በፍጹም ዞሮ አይደለም። መረጃው የተጻፈው ዞሮ ነውና ዞሮ የሄደ ጭረት ተከታታይ መረጃ ይወስዳል፣ ቀጥ ያለውን ግን ማጫወቻው ይሞላዋል።

ክረምት ደግሞ የካሴት ጠላት ነው። በካሴቱ መስኮት በኩል ጥቅሉን ወደ ብርሃን አዙሮ ማየት። ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ጠርዙ ላይ ካለ ሻጋታ ነው። ያንን ዴክ ውስጥ መክተት ማለት ካሴቱን የሚያነበውን የዴኩን ሄድ ማቆሸሽና ሻጋታውን ለሚቀጥለው ካሴት ማካፈል ነው። ንጹሕ የሆነውን ወደ ኋላ ጥርት አድርጎ አጠንጥኖ፣ እንደ መጽሐፍ አቁሞ፣ ከአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኘውን እርጥበት መጣጭ ከረጢት አጠገቡ ማድረግ። ከአሜሪካ የመጣ ዴክም ከሆነ ጀርባው ላይ 120 ቮልት የሚለውን ሳያነቡ የእኛ ሶኬት ላይ መሰካት የለም፤ በትራንስፎርመር ካልሆነ ይቃጠላል።

ዲቪዲውን የሚልክ ዘመድ ላለው፦ ዲስኩ የሚሠራበት የዓለም ክፍል በቁጥር ተለይቷል፣ ሪጅን ይባላል፤ የአሜሪካው ሪጅን 1 ነው፣ የእኛ 5፤ ማጫወቻው ለሁሉም ሪጅን ክፍት ካልተደረገ እንቢ ይላል። የ4ኬ ዲስክ ሪጅን የለውም፣ ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ ግን ተራ ብሉሬይ ማጫወቻ አያነበውም። ከገበያ የተገዛ ዲስክ ደግሞ ተገልብጦ ሲታይ ሆዱ ሐምራዊ ከሆነ በቤት የተቀዳ ነው፤ የፋብሪካው ብርማ ነው።

ሁሉ ነገር ተስተካክሎ ደግሞ ቴሌቪዥኑ ያበላሻል። የፊልሙ ቅርጽ 1.37 ለ1 ነው፣ የዛሬ ስክሪን 1.78። ስለዚህ ግራና ቀኝ ጥቁር መኖር አለበት። ጥቁሩ አስጠልቷቸው ዙም የሚያደርጉ አሉ። ዙም ከቁመቱ ሩብ ያህሉን ይቆርጣል። ከላይ ሰማዩ ይሄዳል፣ ከታች ደግሞ እግር ይሄዳል። የቀይ ጫማ ፊልም ላይ እግር! መጽሐፉ ላይ ጫማው ብር ነበር፤ ቴክኒካለር ላይ ያምራል ብለው ነው ቀይ ያደረጉት። ያንን ቆርጦ መጣል። ዙሙን ማጥፋት፣ ሥዕሉን ሲኒማ የሚለው ላይ ማድረግ፣ ሻርፕነስ ዜሮ፣ እንቅስቃሴ የሚያለሰልሰውን ማጥፋት።

እንዲህ ሆኖ በ2019ኙ ዲስክ በሩ ሲከፈት ቡናማው ቡናማ ነው፣ ከውጭ የሚገባው ቢጫና አረንጓዴ ዓይን ያጥበረብራል። ጫማው ላይ የተሰፋው እንቁ አለመሆኑ፣ ትንንሽ ብልጭልጭ መሆኑ ይታያል። የሳሩን ሰው የሚጫወተው የሬይ ቦልገር ጉንጭ ላይ የጆንያው ሽመና ክር በክር ይቆጠራል። እዚህ ላይ ነው የምቆመው። በ1939 ሲኒማ ቤት የተቀመጠ ሰው ያየው ቅጂ ከኔጌቲቩ ለስለስ ያለ ነበር፤ የሜካፕ ባለሙያዎቹም የሠሩት ለዚያ ልስላሴ ነው። እኛ አሁን የምናየው ሠሪዎቹም ያላዩትን ነው። የጠፋውን መለስን ወይስ ያልነበረ ጨመርን?

የእኅቴ ልጅ ለጳጉሜን እኛ ጋ ናት። ስድስት ዓመቷ ነው፣ ፊልሙን አይታው አታውቅም። የ4ኬውን እንደማሳያት ወስኛለሁ፣ እሱ ላይ አልወላውልም። ግን በዚያ ጥራት በሩን የምትከፍተው ሴት ዶሮቲ እንዳልሆነች፣ ለሚያይ ዓይን፣ ጀርባዋ ይናገራል። ልጂቱ ደግሞ የምታይ ልጅ ናት። ዞር ብላ «ይቺ ማናት?» ብትለኝ ምን ልበላት?