ሲ፣ ኦ፣ ኤን የሚባል ፎልደር

ትናንት ማታ የእህቴ ልጅ ላፕቶፑን ታቅፎ መጣና «አጎቴ ጉድ ላሳይህ፣ እስቲ አዲስ ፎልደር ክፈትና በእንግሊዝኛ ሲ፣ ኦ፣ ኤን ብለህ ሰይመው» አለኝ። ሳቄን ዋጥ አድርጌ እንደማያውቅ ሰው ሞከርኩለት። እምቢ አለ፣ የዲቫይሱ ስም ልክ አይደለም ምናምን የሚል መልእክት አመጣ። ልጁ በደስታ ሊሞት። ቲክቶክ ላይ ነው ያየው፣ ቢል ጌትስ ራሱ ምክንያቱን አያውቅም ተብሎ።

እቺን ነገር እኮ እኔም በሱ ዕድሜ ሰምቻታለሁ። ያኔ ኢንተርኔት ካፌ በደቂቃ እየተቆጠረብን፣ ያሁ ኢሜይል እስኪከፈት ግማሹ ብር አልቆ፣ ውስጡ ያለው ደግሞ ፎርዋርድ ብቻ። አንድ ህንዳዊ ያገኘው ምስጢር ነው፣ ማይክሮሶፍት በሙሉ መልስ አጥቶለታል፣ ለአስር ሰው ላክ። ላክኋት፣ አልዋሽም።

የሚያናድደው ግን መልሱ ደብተሬ ላይ ተጽፎ ነበር። በ1995 ዓ.ም. ክረምት፣ ማትሪክ ተፈትኜ ውጤት ስጠብቅ፣ እናቴ ቤት ከምትውል ብላ ቤዚክ ኮምፒውተር አስመዘገበችኝ። ክፍሉ ውስጥ ስምንት ማሽን፣ ለአንድ ማሽን ሦስት ተማሪ፣ ከስምንቱ ሁለቱ ሁሌ ተበላሽተዋል። ቲቸር ዊንዶውስ ከማሳየቱ በፊት ሁለት ሳምንት ሙሉ ዶስ (ከዊንዶውስ በፊት የነበረው፣ ትዕዛዝ በመጻፍ ብቻ የሚሰራው ሲስተም) በጥቁር ሰሌዳ አስተማረን፣ አዎ በጠመኔ፣ ስክሪኑን ራሱ አራት ማዕዘን አድርጎ እየሳለ። ከነዛ ኮማንዶች አንዷ ኮፒ ኮን ነበረች፣ ኮኗ ያቺው ሲ፣ ኦ፣ ኤን ናት። ኮፒ ኮን ብለህ የፋይሉን ስም ትጽፋለህ፣ ኢንተር፣ ከዛ የፈለከውን ትጽፋለህ፣ ስትጨርስ ኮንትሮል ዜድ እና ኢንተር፣ አለቀ፣ ፋይል ተፈጠረ። ተራዬ ሲደርስ ስሜን ከነአባቴ ጻፍኩና ኮንትሮል ዜዷን ረሳኋት። ኢንተር ብል ኢንተር ብል መስመር እየወረደ ይሄዳል እንጂ የሚሆን ነገር የለም። ሰበርኩት ብዬ ላብ አጠመቀኝ፣ ወረፋ የሚጠብቁት ሁለቱ ደግሞ ከጀርባዬ ይሳሳቃሉ። ቲቸር መጥቶ ትከሻዬን ነካ አድርጎ «አልተበላሸም እኮ፣ ገና እያዳመጠህ ነው፣ ጨርሻለሁ በለው» አለኝ።

ኮን ማለት ኮንሶል ነው፣ ማለትም ኪቦርዱና ስክሪኑ። ኮፒ ኮን ስትለው «ከኪቦርዱ ወደዚህ ፋይል ገልብጥ» እያልከው ነው። ስሙ ለኮንሶሉ ስለተያዘ ነው ፎልደሩ እምቢ ያለው እንጂ ሌላ ተአምር የለውም።

ይሄንን ለልጁ ነገርኩት፣ አልበቃውም፣ «እና ማነው የያዘው?» አለኝ። እሱን ለማስረዳት ብዬ እስከ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት ቁጭ አልኩ።

ጋሪ ኪልዳል የሚባል ሰው ነው። ካሊፎርኒያ ሞንተሬይ ውስጥ የባህር ኃይል ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበር፣ ጎን ለጎን ለኢንቴል ይሰራል። በእጁ አንድ ፍሎፒ ድራይቭ (ፍሎፒ የምትባለዋን ስስ ዲስክ የምታነብ መሣሪያ) ገባች፣ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያገናኛትን ሰርኪት ግን መስራት አቃተው፣ እንዲሁ ሲያያት ከርሞ በመጨረሻ ጓደኛው ጆን ቶሮድ ሰራለት። እሷን ድራይቭ የሚያዝ ሶፍትዌር ጻፈ፣ እ.ኤ.አ. 1974 መሆኑ ነው፣ ሲፒኤም አለው። የፋይሎችን ዝርዝር ለማየት ዲር፣ ፋይል ለማንበብ ታይፕ፣ ስም ለመቀየር ሬን፣ ስምንት ፊደል ነጥብ ሦስት ፊደል የሆነ የፋይል ስም፣ ድራይቮቹ ኤ እና ቢ። እኛ የማይክሮሶፍት ብለን የሸመደድነው ነገር ከሱ የመጣ ነው። ኮንሶሉንም ኮን ብሎ የሚጠራው የሱ ሲስተም ነበር። የኔዋ ኮንትሮል ዜድም ከዛው ናት፤ ሲፒኤም ፋይልን የሚቆጥረው በ128 ባይት (128 ፊደል እንደማለት) ጥቅል ስለነበረ ጽሑፉ ጥቅሉ መሀል ላይ ቢያልቅ የት ጋ እንዳለቀ አያውቅም፣ ስለዚህ መጨረሻው ላይ ምልክት ይደረግለታል። በ1995ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ላብ ያጠመቀኝ ነገር እንግዲህ ይሄ ነው።

ሰውየውን የምወደው ግን ለሌላ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 አልቴር 8800 የሚባለው ኮምፒውተር ሲወጣ ተገጣጣሚው ከ400 ዶላር በታች ነበር፣ ሜሞሪው 256 ባይት (ኪሎባይት አላልኩም፣ ባይት)፣ ኪቦርድ የለው ስክሪን የለው፣ ፊቱ ላይ ባሉ ማብሪያ ማጥፊያዎች ነው የምታናግረው። ከሱ በኋላ አምራቹ በዛ፣ የአንዱ ማሽን ከሌላው አይገጥምም፣ ለእያንዳንዱ ሲስተም እንደ አዲስ መጻፍ ደግሞ አበሳ ነው። ኪልዳል ምን አደረገ፣ ከማሽኑ ጋር በቀጥታ የሚነጋገረውን ክፍል ቆርጦ ለብቻው አወጣና ባዮስ አለው። አዲስ ማሽን ሲመጣ እቺን ትንሽ ክፍል ብቻ ትቀይራለህ፣ የቀረው እንዳለ ይሰራል። በነዚህ ትናንሽ ኮምፒውተሮች ዘንድ በአንድ ማሽን የተጻፈ ፕሮግራም በሌላ አምራች ማሽን ላይ በቀላሉ እንዲሰራ ያደረገው ይሄ ነው። ዛሬ ኮምፒውተር ጠጋኝ ሁሉ ባዮስ ባዮስ ይላል፣ የሰውየውን ስም ግን ጠይቀው።

ከዛ ትልቁ የኮምፒውተር ኩባንያ አይቢኤም መጣ። በ1980 የራሱን ፒሲ ሊሰራ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሲፈልግ ኪልዳል ቤት ሄደ። ኪልዳል በራሱ አውሮፕላን ደንበኛ ሊያይ ወጥቷል፣ ቢዝነሱን የምትመራው ሚስቱ ዶሮቲ የአይቢኤምን የምስጢር ውል አልፈርምም አለች፣ የቀረው እስከዛሬ እያከራከረ ነው። «ሊዝናና በሮ ዕድሉን በረረበት» የሚለው ወሬ ግን ደስ አይለኝም፣ ሰውየው ስራ ላይ ነበር። የሆነው ሆኖ ማይክሮሶፍት ሲያትል ውስጥ ቲም ፓተርሰን የሚባል ወጣት የጻፈውን ሲስተም ገዛ፣ በኋላ ዶስ የተባለው እሱ ነው። ፓተርሰን ያወጣለት ስም በአጭሩ ኪውዶስ ነው፣ ቶሎ ቶሎ የተለጣጠፈ እንደማለት፣ የሲፒኤም ፕሮግራሞች በቀላሉ እንዲዛወሩበት ብሎ ፕሮግራም ሲስተሙን የሚጠራበትን መንገድ ከሲፒኤም ማኑዋል እያየ ነው የሰራው። በሐምሌ 1981 ሙሉ መብቱ በ50,000 ዶላር ተሸጠ፣ ነሐሴ ላይ የአይቢኤም ፒሲ ወጣ። በኋላ አይቢኤም የኪልዳልንም ሲስተም ጎን ለጎን ሸጠለት፣ የኪልዳል 240 ዶላር፣ ዶስ 40 ዶላር። እስቲ አንተ ብትሆን የቱን ትገዛለህ?

የእህቴ ልጅ እዚህ ጋ «ሌብነት ነው» አለ። እኔ እንደሱ አልልም፣ ግን ደግሞ ዝም ብዬም አላልፈውም። ኪልዳል በ1994 ሞተ፣ ገና 52 ዓመቱ ነበር።

ወደ ኮን ልመለስ። የመጀመሪያው ዶስ ፎልደር የሚባል ነገር አያውቅም፣ ፍሎፒው ላይ ያለው ሁሉ አንድ ዝርዝር ነው፣ ስለዚህ ኮን ያልከው ቦታ ሁሉ ኮንሶል ነው። በ1983 አይቢኤም 10 ሜጋባይት ሃርድ ዲስክ ያለው ማሽን ሲያወጣ ዶስ 2 ፎልደር ይዞ መጣ። አሁን ችግር ሆነ፤ ኮንን አንድ ፎልደር ውስጥ ብቻ ካስቀመጡት ድሮ የተጻፉት ፕሮግራሞች ሌላ ፎልደር ውስጥ ሲሆኑ ሊያገኙት ነው? ስለዚህ በእያንዳንዱ ፎልደር ውስጥ በዓይን የማይታይ ኮን አለ ተባለ፣ በቃ። ዊንዶውስ የድሮውን ላለመስበር ብሎ ይሄው እስከዛሬ ተሸክሞታል። ሃርድ ዲስኩም ኤ እና ቢ ለፍሎፒ ስለተያዙ ነው ሲ የተባለው። ልጁ ፍሎፒ አይቶ አያውቅም፣ ላፕቶፑ ግን ሁለት ወንበር ይዞ ይጠብቃታል።

ኤ እና ቢን ስነግረው ማዛጋት ጀምሮ ነበር። ከዛ ድንገት ነቃ ብሎ «አጎቴ በአማርኛስ?» አለኝ። እውነት ለመናገር ሞክሬው አላውቅም። ያኔ ዶስ ላይ አንድ ፊደል አንድ ባይት ነው፣ ለዓለም ሁሉ 256 ቦታ፣ የኛ ፊደል ከነቁጥሩ ከ300 በላይ፣ ከየት ይገባል፤ ዩኒኮድ (ለዓለም ፊደላት ሁሉ ቁጥር የሚሰጠው የኮምፒውተር ሠንጠረዥ) ውስጥ ራሱ የገባነው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ልጁ እስክጨርስ መጠበቅ ሰለቸውና ኪቦርዱን ወደ አማርኛ ቀይሮ፣ አዲስ ፎልደር ከፍቶ፣ «ኮን» ብሎ ጻፈና ኢንተርን ተጫነ።

ምንም ሳይል ተቀበለው። ዛሬ ጠዋት ሳየው ልጁ የትምህርት ቤት አሳይመንቱን በሙሉ እሱ ውስጥ አስገብቶታል።