ደመወዙ ስንት ነው?

እኔ ሌሊት ነው የምሠራው። ዋሽንግተን ዲሲ መሃል አንድ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ነኝ። ጠዋት ልጄን ትምህርት ቤት አድርሼ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ቤቴ እገባና መጋረጃውን ዘግቼ ለጥ እላለሁ። ስልኩ የሚጮኸው ልክ ያኔ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር 4 ሰዓት ላይ።

ነገሩን ያመጣሁት ራሴ ነኝ። ባለፈው ሰኔ ሲቪዬን አንድ የሥራ መፈለጊያ ድረ ገጽ ላይ ሰቀልኩት። አዲስ አበባ አንድ ባንክ ውስጥ 9 ዓመት በሂሳብ ሥራ ቆይቻለሁና፣ ምናልባት ብዬ ነው። በሁለተኛው ቀን አንዲት ሴት ደወለች። ስሜን ሰባብራ ጠርታ የሥራ ልምዴን እንደወደዱት ነገረችኝ። ደመወዙ ስንት ነው አልኳት። እሱን በአካል ሲመጡ እናስረዳዎታለን አለች። እንቅልፌ በዚያው ጠፋ። ባለቤቴን ሥራ ቦታዋ ድረስ ደውዬ አበሰርኳት።

ለእህቴ ሠርግ ያሰፋሁትን ሙሉ ልብስ ለብሼ እዚያው ቨርጂኒያ ታይሰንስ የሚባል ቦታ ሄድኩ። ቃለ መጠይቅ ነበር የመሰለኝ። ወደ 40 ወንበር ተደርድሯል፣ ፊት ለፊት ነጭ ሰሌዳ ቆሟል፣ ግማሹ ሰው እንደኔው መጤ ነው። ቤተ ክርስቲያን የማውቃት አንዲት እህት ከኋላ ተቀምጣለች፤ ተያየንና ሁለታችንም አቀረቀርን። ሰውየው ሰሌዳው ላይ ክብ ሣለ፤ ከሥሩ 3 ክብ፣ ከነሱ ሥር ሌላ 9። ሥራው የሕይወት ኢንሹራንስ መሸጥ ነው። ደመወዝ የለም፣ ኮሚሽን ብቻ። ያስገባኸው ሰው ሲሸጥ ላንተም ይደርስሃል። መመዝገቢያው፣ ፈተናውና ፈቃዱ ከኪስህ ነው። ተቀጣሪ ስላልሆንክ የሚሰጥህ የግብር ቅጽ የተቀጣሪው ደብሊው ቱ ሳይሆን በግሉ የሚሠራ ሰው የሚያገኘው ቴን ናይንቲ ናይን ነው፤ ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር፣ ማለትም ለጡረታና ለአረጋውያን ሕክምና፣ የሚሄደውን 15.3 በመቶ አሠሪ ሳይጋራህ ብቻህን ትሸከማለህ። ይህችን የመጨረሻዋን ሰውየው አላነሳትም፤ በልቤ የደመርኳት እኔ ነኝ። የሂሳብ ሰው አመል አይለቀውም።

ከዚያ ወረቀት ታደለ። የ25 ዘመድ ወዳጅ ስምና ስልክ ጻፉ ተባልን። እስክሪብቶዬን ይዤ ሳስብ የሚመጡልኝ ስሞች በሙሉ የእድራችን ሰዎች ናቸው፤ አንድ ሰው ሞቶብን አስከሬኑን አገር ቤት ለመላክ አብረን ያዋጣን። ሲቪዬን ማንም እንዳላነበበው የገባኝ ያኔ ነው። ወረቀቱን ባዶውን መልሼ ወጣሁ።

ኢንሹራንስ መጥፎ ነው አልልም። እድር ያስቀብርሃል እንጂ የቤት ዕዳህን አይከፍልልህም፤ እኔም ተርም የሚሉትን፣ ለ20 ዓመት ብቻ የሚያገለግል የሕይወት ኢንሹራንስ ከሌላ ቦታ ገዝቻለሁ። የከነከነኝ ሥራ ብለው መጥራታቸው ነው።

ጥሪው ግን ያን ቀን አላበቃም። በቨርጂኒያና በሜሪላንድ መለያ ቁጥሮች ይመጣል፣ 703፣ 571፣ 240፤ አንዳንዴም የራሴን ቁጥር የመጀመሪያ 6 አሃዞች ይዞ ጎረቤት መስሎ ይመጣል። መብራት ቢል ጀርባ ላይ መስመር እያሰመርኩ ስቆጥር በ6 ሳምንት 31 ደረሰ። ስሜን ሰርዙልኝ ስል እሺ ይላሉ፤ በሳምንቱ ሌላ ድምፅ ያንኑ ቃል ይዞ ይመጣል። የአሜሪካ መንግሥት በፈረንጆቹ ከ2003 ጀምሮ የያዘው «አትደውሉልኝ» የሚባል መዝገብ አለ፤ ቁጥሬን እሱ ላይ አስገባሁ። መዝገቡ የሚመለከተው የሽያጭ ጥሪን ነው፤ እነዚህ ደግሞ ሥራ እንሰጣለን እንጂ አንሸጥም ባዮች ናቸው። በመጨረሻ የማላውቀው ቁጥር እንዳይጮህ አድርጌ ተኛሁ። በዚያው ቀን ልጄን ትኩሳት ይዟት የትምህርት ቤቷ ነርስ 3 ጊዜ ደውላ አጣችኝ። ባለቤቴ ማታ ያለችኝን እዚህ አልጽፈውም። መልሼ ከፈትኩት።

ጥቅምት ላይ በአማርኛ ተደወለ። «ጋሼ፣ እንደምን አደሩ? ቤተሰብ ሰላም ነው?» ፈረንጅ ቢሆን ጆሮው ላይ ዘግቼበት ነበር፤ ጋሼ ያለኝን ልጅ እንዴት አድርጌ! እግዚአብሔር ይመስገን ተባብለን እንደጨረስን ያንኑ ቃል በአማርኛ ጀመረው።

«ቆይ፣ አንተ እስካሁን ስንት አገኘህ?» አልኩት።

ዝም አለ። እዚሁ ሰሜን ቨርጂኒያ፣ ኖቫ ኮሌጅ ነው የሚማረው። የፈቃዱን ፈተና ያለፈው በሁለተኛው ሙከራ ነው። የሸጠው ለእናቱና ለአክስቱ ነው። «ከዚያ በኋላ ሰው አለቀብኝ፣ ጋሼ» አለኝ። ስሜን እንዲያጠፋልኝ ለመንኩት፤ ዝርዝሩ ከኮምፒውተር ነው የሚመጣልን፣ እኔ አልነካውም አለ።

ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ እኛ ጋ ቅዳሜና እሁድ ሌሊት ሰው ጎድሎናል አልኩት። ሳቀ። እግዜር ይስጥልኝ ብሎ ዘጋ።

በሦስተኛው ቀን፣ 4 ሰዓት ላይ፣ ሸለብ ሲያደርገኝ ስልኩ ጮኸ።

«ጋሼ፣ ቀሰቀስኩዎት መሰለኝ። ያ ያሉኝ ሥራ አልተያዘም? ደመወዙ ስንት ነው?»

«በሰዓት 18 ዶላር ከ50» አልኩት።