አባ ሰንጋ የተቀበረበት መሬትና የጠፈር ጨረር

አጎቴ ደምቢያ ውስጥ ከብት የማያሰማሩበት አንድ ጥግ መሬት አላቸው። እኔ ልጅ ሳለሁ አንድ በሬያቸው በአባ ሰንጋ ሞቶ እዚያ ስለተቀበረ፣ ሣሩ የቱንም ያህል ቢለመልም በእሾህ አጥረው ትተውታል። ባለፈው ጥቅምት ልጠይቃቸው ስሄድ፣ «በሽታው ይህን ሁሉ ዓመት ፀሐይ ሲመታው ኖሮ እንዴት አይሞትም?» አሉኝ።

የምሠራው ጎንደር ከተማ በአንድ ላቦራቶሪ ውስጥ ስለሆነ ነገሩ ለእኔ እንግዳ አልነበረም። ለተማሪዎች የምናሳየው የአባ ሰንጋን ባክቴሪያ ሳይሆን ጉዳት የማያደርሰውን ዘመዱን፣ ባሲለስ ሰብቲሊስን ነው። ባክቴሪያው ያለበትን መስታወት ማላካይት ግሪን በተባለ አረንጓዴ ቀለም ሸፍነን በእንፋሎት እናሞቀዋለን፤ ከዚያ በውኃ አጥበን ሳፍራኒን የተባለ ቀይ ቀለም ስንጨምርበት የሕዋሱ አካል ቀይ ሲሆን፣ ስፖሩ ግን፣ ማለትም ሁለቱም ባክቴሪያዎች ክፉ ጊዜን ተኝተው የሚያልፉበት ጠንካራ ቅርጽ፣ አረንጓዴውን ይዞ ይቀራል። ያለ ሙቀት ቀለም የማያስገባው፣ ካስገባም በኋላ የማይለቀው ይህ ነጥብ ወደ ጠፈር ተልኮ በሕይወት ተመልሷል።

ባክቴሪያው ምግብ ሲያልቅበት ስፖር ይሠራል። በስፖሩ እምብርት ያለው ውኃ አብዛኛው ይወጣና በቦታው ካልሲየም የያዘ ዳይፒኮሊኒክ አሲድ ይከማቻል፤ ይህ አሲድ ከስፖሩ ደረቅ ክብደት እስከ 10 በመቶ ይደርሳል። ዲኤንኤውን ደግሞ ትንንሽ ፕሮቲኖች ይለብሱታል፣ ቅርጹንም ይለውጡታል። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ የዚህ ለውጥ ውጤት ነው። አልትራቫዮሌት ጨረር ተራ ሕዋስን ሲመታ ጎን ለጎን ያሉ ታይሚኖችን (ከዲኤንኤ አራት «ፊደላት» አንዱን) አጣብቆ ብዙ ዓይነት ጉዳት ያደርሳል፤ በስፖር ውስጥ ግን ታይሚኖቹ የሚጣበቁት በአብዛኛው በአንድ የተለየ መንገድ ነው። ስፖሩ ሲነቃ ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀ ኢንዛይም ዲኤንኤውን ሳይቆርጥ ማጣበቂያውን ይፈታዋል። እንግዲህ ስፖር ጨረርን ይቋቋማል ሲባል አይጎዳም ማለት አይደለም፤ የሚጎዳው ኋላ ሊጠግነው በሚችለው መንገድ ነው። ተኝቶ ሳለ ግን ምንም ስለማይጠግን ጉዳቱ ይጠራቀማል፤ ከልክ ሲያልፍም ሳይነቃ ይቀራል።

ናሳ እ.ኤ.አ. በ1984 ባመጠቀውና በ1990 በመለሰው ሳተላይት ላይ የባሲለስ ሰብቲሊስ ስፖሮች ወደ ስድስት ዓመት ገደማ በጠፈር ቆይተዋል። ከፀሐይ አልትራቫዮሌት ተከልለው፣ ግሉኮስ ከተባለ ስኳር ጋር ከደረቁት መካከል እስከ 80 በመቶ የሚሆኑት ተርፈዋል። ያልተከለለው ስፖር ዕጣ ግን ሌላ ነው። በ1990ዎቹ ጀርመናዊቷ የባዮሎጂ ሊቅ ጌርዳ ሆርኔክና ባልደረቦቿ በሩሲያ ፎቶን ሳተላይቶች ላይ ባደረጉት ሙከራ፣ ያለ ምንም ከለላ ለሁለት ሳምንት ገደማ ከቆዩት ስፖሮች ከሚሊዮን አንዱ እንኳ አልተረፈም። ከስፖሮቹ በላይ ባለው መስታወት ላይ ስስ የሸክላ አፈር መቀባቱም አልረዳቸውም። ስፖሮቹ ራሳቸው ከሸክላ ወይም ከድንጋይ ዱቄት ጋር ሲደባለቁ ግን የተራፊዎቹ ብዛት መቶ ሺህ እጥፍና ከዚያም በላይ ጨመረ። አፈሩ ስፖሩን በሩቁ ሲያጠላለት ያልጠቀመውን፣ ዙሪያውን ሲከበው አዳነው። ከዋክብት ከሚልኩት ከባድ ቅንጣት ግን እንዲህ ያለ ስስ ልባስ አያድንም።

ስለዚህ ለአጎቴ እንዲህ አልኳቸው፦ «ጋሼ፣ ፀሐይ የሚገድለው ላዩ ላይ ራቁቱን ያገኘውን ነው። ከአፈሩ ጋር የተደባለቀውን አይደርስበትም፤ ብዙ አሥር ዓመት ሊቆይ ይችላል። መሬቱን ከቆፈሩት ደግሞ የተኛውን ወደ ላይ ያወጡታል።» ዝም ብለው አዳመጡኝና፣ አጥሩ በሳሳበት በኩል የሚጨምሩትን እሾህ ሊቆርጡ ገጀራቸውን ይዘው ወጡ።